ባለቤቴ ያመጣልኝ ክኒን

ይህን የምጽፈው መድኃኒት ከሰው እጅ ተቀብለው ለሚውጡ ወገኖቼ ነው። እኔም እንደዚያ ነበርኩ። ሐኪሞችን ለመውቀስ አይደለም፤ እነሱ ያዩትን ነው የተናገሩት፣ ያላዩትን የደበቅኳቸው እኔ ነኝ። አጻጻፌ ቀርፋፋ ነው፤ አንዳንዱን ቀን ከሁለት መስመር በላይ አይሄድልኝም።

ከስድስት ዓመት በፊት እንቅርት ወጥቶብኝ በቀዶ ሕክምና ተወግዶልኛል። ከእንቅርቱ ጋር ታይሮይድ የሚባለው የአንገት እጢ በሙሉ ወጣ። እጢው የሰውነትን ሙቀትና ፍጥነት የሚመራ ንጥረ ነገር ያመነጫል። እጢው የሌለው ሰው ይህንኑ ንጥረ ነገር በክኒን መልክ በየማለዳው፣ በባዶ ሆድ፣ ዕድሜ ልኩን መውሰድ አለበት። ክኒኗ ትንሽ ናት፣ ቢጫ፣ መሐሏ ላይ መስመር ያላት። ሳላጓድል እወስዳት ስለነበር ጤነኛ ነበርኩ፤ ላስ ቬጋስ፣ በአንድ የካዚኖ ሆቴል ውስጥ ክፍል አጸዳ ነበር፣ ኦቨርታይም ሲገኝም እምቢ አልልም።

በፈረንጆቹ 2020 በኮሮና ምክንያት ካዚኖዎቹ ሲዘጉ እኔም ሌይ ኦፍ ተደረግሁ፤ ከሥራ ተቀነስኩ። ከጥቂት ወራት በኋላ ኢንሹራንሴ ቆመ። የመድኃኒት ማዘዣ የሚታደሰው ሐኪም ዘንድ ሲቀርቡ ነው፤ ለመቅረብ ደግሞ ኢንሹራንስ ያስፈልጋል። ባለቤቴ ጌታሁን ታክሲ ይነዳ ነበር። ስለ ክኒኑ ስጨነቅ ሲያየኝ «እኔ እያለሁ?» አለኝ። በኅዳር አንድ ቀን ከሥራ ሲገባ ሁለት ብልቃጥ ይዞ ገባ። አንዱ የእኔ ነው። ሌላውን ሰዘርን ሃይላንድስ የሚባለው ሰፈር፣ ልጃቸው ቤት ለሚኖሩት ለእትዬ አስካለ በዚያው ቀን ወሰደላቸው። እትዬ አስካለ በስደት ገና ድሮ የመጡ፣ የቤተ ክርስቲያን እናታችን ናቸው፤ እሳቸውም ይህንኑ ክኒን ይወስዳሉ።

«ከየት አገኘኸው?» አልኩት።

«ከሰው ነው። የማውቀው ሰው ነው፣ በመንገደኛ ያስመጣል።»

በእኛ ዘንድ ይህ መልስ ይበቃል። ብልቃጡ ላይ የተጻፈውን የሚያነብ የለም፤ የሚታየው ያመጣው እጅ ነው። እኔማ እጁን አውቀዋለሁ፤ ሃያ ስድስት ዓመት ያበላኝ እጅ ነው።

የአዲሱ ብልቃጥ ጽሑፍ ደቃቅ ነበር። ስለዚህ ክኒኖቹን ወደ አሮጌው፣ ስሜ ወደ ተለጠፈበት የፋርማሲ ብልቃጥ ገለበጥኳቸውና አዲሱን ጣልኩት። ብዙ ሰው እንዲህ እንደሚያደርግ አውቃለሁ። እባካችሁ አታድርጉ። ምክንያቱን ወደ ታች ታዩታላችሁ።

ጌታሁን ከሁለት ሳምንት በኋላ ማሳል ጀመረ። ሆስፒታል በር ድረስ አደረስኩት፤ ከዚያ ወዲያ አላስገቡኝም። በአሥራ አንደኛው ቀን ደወሉልን። ለቅሶው በስልክ ነበር። ሰው ምግብ በራችን ላይ አስቀምጦ፣ ተመልሶ መኪናው ውስጥ ገብቶ፣ በመስኮት እጅ ነስቶ ይሄዳል። በዚያን ጊዜ ብዙም እንባ አልወጣኝም። ሰው ይህን እንደ ጥንካሬ ቆጠረልኝ።

በጥር መብረድ ጀመረኝ። የላስ ቬጋስ ክረምት ይበርዳል፣ ግን እንደዚያ አይደለም። ሁለት ሹራብ፣ ካልሲ በካልሲ ላይ፣ ብርድ ልብስ፤ ምንም አይለውጥም። የሚያሞቀኝ አንድ ቦታ ብቻ አገኘሁ፤ ፓርኪንጉ ውስጥ የቆመችው የጌታሁን መኪና። ቀትር ላይ ፀሐይ መስታወቱን ስትመታው ውስጡ እንደ ምድጃ ይሆናል። መስኮቱን ዘግቼ እዚያ እቀመጥ ነበር። ጎረቤቶች ባሏን እያሰበች ነው ይሉ ነበር። እኔ ግን እየሞቅኩ ነበር።

ከዚያ ሌላው ተከተለ። ፊቴ አበጠ። ድምፄ ጎርንኖ የወንድ መሰለ። ጸጉሬ ትራስ ላይ ይቀራል። አሥራ አራት ሰዓት ተኝቼ ደክሞኝ እነሣለሁ። ዓረፍተ ነገር ጀምሬ መጨረሻው ይጠፋብኛል። ልጄ ሜሮን ኖርዝ ላስ ቬጋስ መጋዘን ውስጥ ትሠራለች፤ በእረፍቷ ስትደውል መጀመሪያ ላይ ትቀልድብኝ ነበር።

«ማሚ፣ ባትሪሽ ሎው ነው? አንድ ቃል፣ አንድ ደቂቃ።»

በኋላ መቀለዱን ተወችው።

መጀመሪያ የሄድንበት ክሊኒክ ኮቪድ መረመረኝ፤ የለብሽም አሉኝ። ያየችኝ ነርስ ባሌ መሞቱን ስትሰማ እጄን ያዘችኝ። ጓንት አድርጋ ነበር፣ ቢሆንም ያዘችኝ። «ሐዘን ነው» አለች፤ «ሐዘን ሰውነት ላይ ይወጣል።» ሁለተኛው ለድሆች የሚሠራ ክሊኒክ ነበር። መጠበቂያ ክፍሉ ስለተዘጋ መኪና ውስጥ ሦስት ሰዓት ጠበቅን፤ ተራችን ሲደርስ በስልክ መልእክት ጠሩን። እዚያም ሐዘን ነው ብለው የድብርት መድኃኒት ሰጡኝ። ቄሳችን በስልክ ሐዘን ነው አሉኝ። ከዳር እስከ ዳር አንድ ቃል ሲሆን እኔም ተቀበልኩት። የማለዳዋን ክኒን ግን አንድም ቀን አልዘለልኩም።

የካቲት ላይ የመንግሥት ኢንሹራንስ ተፈቀደልኝና አንዲት ዶክተር ደሜን መረመረች። አንጎል ታይሮይድን ሥራ እያለ የሚጠራበት መልእክት አለ፤ መድኃኒቱ ሲጎድል ጥሪው ይበረታል። የእኔ ቁጥር መሆን ከሚገባው ብዙ እጥፍ ነበር። ዶክተሯ ብልቃጡን አሳዪኝ አለች፤ ከቦርሳዬ አውጥቼ ሰጠኋት።

ስሜን አነበበች። ከዚያ ቀኑን አነበበች። ፋርማሲው የለጠፈው ቀን ዓመት ሊሞላው ነው። ብልቃጡ ግን ከግማሽ በላይ ሙሉ ነው። አንድ ጊዜ ነቀነቀችው፤ ተንኳኳ። ወደ ሜሮን ዞራ በእንግሊዝኛ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «እናትሽ መድኃኒቷን እየወሰደች አይደለም» አለቻት። ገባኝ።

መናገር የነበረብኝ ያን ጊዜ ነው። ክኒኑ ከሌላ ብልቃጥ ተገልብጦ ነው፣ ከሰው የተገዛ ነው ማለት ነበረብኝ። አላልኩም። ያለ ማዘዣ መግዛት ወንጀል ይሆን እንደሆነ ፈራሁ፤ የሸጠውን ሰውም አሳስራለሁ ብዬ ፈራሁ። ከሁሉ በላይ ግን ሜሮን አባቷን «ዕቃ ከመንገድ ላይ አትግዛ» እያለች ዘወትር ትቆጣው ነበር። ከሞተ ሦስት ወር ያልሞላውን ሰው ለቁጣዋ አሳልፌ ልስጠው? ግድግዳውን አየሁ።

ዶክተሯ «ያለሽን በትክክል ውሰጂ፣ ከስድስት ሳምንት በኋላ ደግመን እናያለን» አለችኝ።

ሜሮን ሺፍቷን ቀይራ ቤቴ ገባች። በማግስቱ ማለዳ ክኒኗንና ውኃውን ይዛ አልጋዬ አጠገብ ቆመች።

«ዋጪ።»

ዋጥኩ።

«አፍሽን ክፈቺ። ምላስሽን ከፍ አድርጊ። ወደዚህም።»

«ሜሮን፣ እናትሽ ነኝ።»

«አይ ኖው፣ አውቃለሁ። ክፈቺ።»

በየማለዳው እንዲህ ሆነ። አንድ ቀን የስልኳን መብራት አብርታ ጉንጬን በጣቷ ገፋ አድርጋ አየች። እኔ አጥቤ ያሳደግኳት ልጅ አፌን ስትፈትሽ ምን እንደተሰማኝ ብጠየቅ፣ ምንም አልተሰማኝም። የበሽታው አንዱ ምልክት ይሄ ነበር። በሁለተኛው ሳምንት ግን እሷ ፈነዳች።

«አባቢ ጋ መሄድ ነው አንቺ የምትፈልጊው? እኔስ? እኔ ማን አለኝ?»

«እየወሰድኩ ነው።»

«ታዲያ ለምን ትሞቻለሽ?»

ብርድ ልብሱን ወደ አገጬ ሳብኩት።

ከስድስት ሳምንት በኋላ ቁጥሩ ጭራሽ ብሶ ተገኘ። የልቤ ምት ዘግይቷል። ዶክተሯ ከፍ ያለ መጠን አዘዘችልኝና፣ የአእምሮ ሐኪምም ቢያየኝ ጥሩ ነው አለች፤ መድኃኒት ደብቀው የሚተፉ ሰዎች አሉ አለች። ያን ጊዜ ሜሮን ከወንበሯ ተነሣች።

«ኖ» አለቻት። «እኔ አይቻለሁ። በየቀኑ። ምላሷ ሥር አይቻለሁ።»

ያን ቀን ከሳሼ ምስክሬ ሆነች። ሕይወቴን ያተረፈው አንድ የላቦራቶሪ መሣሪያ ነው ብዬ ለሰው አወራለሁ፤ በቅደም ተከተል ከሄድን ግን የልጄ ግትርነት ይቀድማል።

ከፋርማሲ አዲሱን መድኃኒት ይዘን ስንመለስ ፓርኪንግ ውስጥ ጎረቤታችን ብርሃኑ መኪናውን ሲያጥብ አገኘነው። ብርሃኑ አዲስ አበባ የመድኃኒት ጥራት ተቆጣጣሪ ነበር፤ በዲቪ መጥቶ ዳውንታውን አንድ የግል ላቦራቶሪ ውስጥ ይሠራል። እንደምን ዋላችሁ ሲል ሜሮን ያለ ሰላምታ ሁሉንም ዘረገፈችለት። እጁን በሱሪው ላይ አደራረቀ።

«ያቺን የድሮዋን ክኒን ልያት፣ እትዬ ጽጌ።»

ብልቃጡን ተቀብሎ ለረጅም ጊዜ አነበበ። አንዷን ክኒን መዳፉ ላይ አገላበጣት።

«ይህ ወረቀት ክኒኗ ምን እንደምትመስል ይናገራል» አለ። «ክብ፣ ቢጫ፣ በአንድ ጎኗ መስመር፣ በሌላው ፊደልና ቁጥር። እቺ መስመር እንጂ ፊደል የላትም። ብልቃጡ የፋርማሲ ነው፤ ክኒኗ ግን የዚህ ብልቃጥ አይደለችም። ከየት አመጧት?»

ሜሮን ወደ እኔ ዞረች። ከዚያ በላይ መሸሻ አልነበረም።

«ጌታሁን ነው ያመጣልኝ» አልኩ። «ከሰው።»

ሜሮን አልጮኸችም። «አባቢ?» አለች፣ እንደ ሕፃን። ከዚያ የመኪናውን በር ይዛ ቆመች።

ብርሃኑ ከዚያች ክኒን አንድም እንዳልደግም፣ የፋርማሲውን በማግስቱ ማለዳ እንድጀምር፣ ለዶክተሯም ዛሬውኑ ደውለን እውነቱን እንድንነግራት አዘዘን። ሜሮን ደወለች። ዶክተሯ መደናዘዝ ወይም ያልተለመደ እንቅልፍ ከመጣብኝ በቀጥታ ወደ ሆስፒታል ውሰጂያት አለቻት።

በማግስቱ ላቦራቶሪው ሄድን። በወረርሽኙ ምክንያት የውጭ ሰው አያስገቡም፤ ስለዚህ ብርሃኑ መሣሪያውን ይዞ ወደ መኪናችን መጣ። የሱፐርማርኬት ዋጋ ማንበቢያ ይመስላል። መጀመሪያ ከታወቀ ፋብሪካ የተሠራች፣ በመጠን ከእኔዋ ጋር አንድ የሆነች እውነተኛ ክኒን ዳሽቦርዱ ላይ አስቀመጠና ብርሃን ለቀቀባት። ትንሿ መስኮት ላይ አረንጓዴ መጣ። ከዚያ የእኔን አስቀመጠ። ቀይ።

«የመሣሪያዋ ብርሃን ሲያርፍባት እያንዳንዷ ነገር በራሷ መንገድ ትመልሰዋለች፣ እንደ ጣት አሻራ» አለን። «የእርስዎዋ ከእውነተኛዋ ጋር አትገጥምም። ግን በዚህ ብቻ አልፈርድም። ድብልቁ ሌላ ነው ማለት ብቻ ሊሆን ይችላል። የእርስዎ መድኃኒት መጠኑ በጣም ትንሽ ነው፤ ለሠርግ በተሠራ ድስት ሽሮ ውስጥ አንዲት ቁንጥጫ ጨው በሉት። ይህቺ መሣሪያ ሽሮውን ታያለች እንጂ ጨውን አታይም። ጨው የሚያይ ውስጥ አለ።»

«እሱስ ምን ያደርጋል?» አለች ሜሮን።

«ይመዝናል። ክኒኗ ላይ ሞቅ ያለ ጋዝ እነፋባታለሁ፤ የሚነሣውን መሣሪያው ይስብና የቅንጣቶቹን ክብደት ይለካል። የመድኃኒቱ ክብደት የታወቀ ነው። ካለ ይታያል።»

ከብልቃጡ ከላይ፣ ከመሐልና ከሥር ሦስት ክኒን መርጦ ገባ። ሃያ ደቂቃ እንኳ አልቆየም። ሲመለስ አካሄዱን አየሁት፤ ቀስ ብሎ ነበር የሚራመደው። መስኮቱ ላይ ጎንበስ አለ።

«የለም።»

«ምኑ?» አለች ሜሮን።

«መድኃኒቱ። በሦስቱም ውስጥ የለም። ስታርች አለ፣ ማጠንከሪያ ዱቄት አለ፣ ለራስ ምታት እንኳ የማይበቃ የማስታገሻ ርጋፊ አለ። እትዬ ጽጌ፣ እርስዎ ከኅዳር ወዲህ ምንም መድኃኒት አልወሰዱም።»

የተሰማኝን በትክክል አስታውሳለሁ። መጀመሪያ የመጣው ድንጋጤ አልነበረም፤ እረፍት ነበር። ውሸታም አይደለሁም። ቀጥሎ እትዬ አስካለ ትዝ አሉኝ። ስማቸውን ለመጥራት ብዙ ጊዜ ፈጀብኝ። ሜሮን ከዚያው ከመኪናው ደወለችላቸው።

«ለእኔ አታስቡ፣ ልጄ» አሏት። «እኔ አልወስዳትም።»

ለምን እንደማይወስዷት መጠየቅ አልመጣልኝም። እንቅልፍ ወሰደኝ፣ ቃል አፌ ውስጥ እንዳለ። ሜሮን በቀጥታ ወደ ሆስፒታል ነዳች።

አራት ቀን ተኛሁ። የሰውነቴ ሙቀት እጅግ ወርዶ፣ በልቤ ዙሪያ ውኃ ተቋጥሮ ነበር። ጥቂት ሳምንት ቢዘገይ ከእንቅልፉ አትነሺም ነበር አሉኝ። ከዚያ ሆስፒታል የማልረሳው አንዲት ፊሊፒናዊት ነርስ ብርድ ልብስ በማሞቂያ ሣጥን እያሞቀች በየሰዓቱ ስትቀይርልኝ ነው። ማንም አላዘዛትም።

ማገገሙ ቀርፋፋ ነው። ለልቤ ሲባል መድኃኒቱን በትንሽ በትንሹ ነው የጨመሩልኝ። መጀመሪያ ድምፄ ተመለሰ። ከዚያ ዓረፍተ ነገሮቼ። በግንቦት አንድ ቀን ሳላስበው ላበኝና ኤሲውን ከፈትኩት፤ ሜሮን ከኩሽና ስትሰማው እየሮጠች መጣች። ሰኔ ላይ ደግሞ የጌታሁንን ሸሚዞች ሳጣጥፍ ማልቀስ ጀመርኩ፣ ሦስት ቀን ሙሉ። ሐዘን ነው ሲሉኝ የነበረው ሐዘን ገና ያን ጊዜ ነው የመጣው። ዶክተሯን ይሄ ደግሞ የምን ምልክት ነው አልኳት። «የመዳን» አለችኝ።

ሻጩን ብርሃኑ ፈልጎ አገኘው። ሰውየው የሚስቱንም የስኳር መድኃኒት ክኒኖቹን ከሚያቀብለው ሰው እየገዛ ይሰጣት ነበር፤ ሲሰማ መንገድ ላይ ተቀመጠ። ከእሱ በላይ ያለው ሰው ስልኩን አጥፍቷል። ብርሃኑ ለሚመለከተው መሥሪያ ቤት ጽፎ ልኳል።

እትዬ አስካለን በበጋው ልጃቸው አምጥቶ በሬ ላይ አወረዳቸው። አልገባም ብለው በረንዳው ላይ ወንበር አስወጡ።

«ጽጌ፣ ልነግርሽ የመጣሁት ነገር አለ። ስጨርስ ብታባርሪኝ አልቀየምም።»

«ምነው እትዬ?»

«ያቺን ክኒን የመጀመሪያውን ቀን በቢላ ልከፍላት ስል ዱቄት ሆነች። ሃያ ዓመት ስከፍል አንዴም እንዲህ ሆና አታውቅም። ሌላዋን ሞከርኩ፤ ያው። ጠቅልዬ ጣልኳት።»

«ለምን አልነገሩንም?»

«ጌታሁን በዚያው ማታ ደወለልኝ። ‹ተስማማዎት?› አለኝ። እኔ ሜዲኬር፣ የአረጋውያኑ ኢንሹራንስ፣ መድኃኒቴን ሳይቆጥር ነው የሚሰጠኝ። ግን ያን ሁሉ መንገድ ነድቶ፣ በሬ ላይ እንደ ልጅ ፈክቶ ቆሞ… ምን ልበለው? ‹እግዜር ይስጥልኝ፣ በጣም ተስማምቶኛል› አልኩት።»

ያን ማታ ስልኩን ዘግቶ «እትዬ አስካለ ተስማምቷቸዋል፣ በይ አንቺም ጀምሪው» ማለቱ ትዝ አለኝ። ለእሳቸው አልነገርኳቸውም።

«ከሞተ በኋላስ?»

«ለቅሶ የተቀመጠችን ሴት ‹ባልሽ የሰጠሽ ዱቄት ነው› ልበላት? ዛሬ ነገ አልኩ። ታመመች ሲሉኝ ደነገጥኩ። ሐዘን ነው ሲሉኝ ደግሞ አመንኩ። ማመኑ ቀለለኝ፣ ጽጌ።»

በእኛ ደንብ እዚህ ላይ «ምንም አይደል» ይባላል። አላልኩም።

«ልሞት ነበር፣ እትዬ።»

«አውቃለሁ።»

«እኔም ለዶክተሯ አልተናገርኩም። ለልጄም።»

በመጨረሻ ልጽፈው እንደሆነ ነገርኳቸው። «ጻፊው» አሉ፤ «ስሜን ግን ቀይሪው።» ቀይሬዋለሁ።

የጌታሁን ሙት ዓመት የቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ውስጥ ተደረገ። ሰው ተራርቆ ተቀምጦ ነበር። ከጸሎቱ በኋላ፣ ሰው በልቶ ስለ ደግነቱ ሲነገር፣ ተነሣሁ። ሜሮን ከጎኔ ቆመች። ባለቤቴ ደግ ሰው ነበር፣ ያመጣልኝ መድኃኒት ግን የውሸት ነበር፣ ብርሃኑ በመሣሪያ መርምሮት ነው የታወቀው፣ ጌታሁን አላወቀም አልኩ። ያልኩት ይህን ብቻ ነው። አንዳንዱ ሰው ሳህኑን አየ፤ በሙት ዓመቱ ቀን እንዲህ ይባላል ወይ የሚል ፊት አየሁ።

እትዬ አስካለ ከወንበራቸው ሳይነሡ፣ ማስካቸውን ዝቅ አድርገው፣ «እኔ አውቅ ነበር» አሉ። «በቢላ ስነካት አውቄአለሁ። አፍሬ ዝም አልኩ። እሱን አትውቀሱት፣ እኔን ውቀሱኝ።»

ቆይቶ ከጥግ፣ ከጌታሁን ጋር ለብዙ ዓመት ታክሲ የነዱት ጋሼ ወርቁ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ብርሃኑ» አሉ፣ «ያቺ መሣሪያህ የደም ግፊት ክኒንም ታያለች እንዴ?»

ብርሃኑ የያዘውን ሳህን አስቀመጠ። «ታያለች፣ ጋሼ። ከማን ነው የገዙት?»

«ከሰው ነው» አሉና እጃቸውን ወደ ኮታቸው ኪስ ሰደዱ።